ከጉልበት በፊት ፍሪሲዮን፦ አሮጌ የገጠር ሞተር ሳይክልን ለውድድር ስለ ማዘጋጀት

(ጎንደር ውስጥ ለሞተር ሳይክል መካኒኮችና ለወጣት ነጂዎች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ወጣት ነጂዎች፣

ጠረጴዛው ላይ ተፈትቶ የምታዩት የያማሃ ዲቲ 175 ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 66 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 50 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ ይዘቱ ሲሰላ ስሙ እንደሚለው 175 ሳይሆን 171 ሲሲ ይወጣዋል። ባለቤቱ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲሸጠው የገዛው ነው፤ ሞተር ሳይክሉም ዕድሜውን ሁሉ ሰውና ጭነት ይዞ በጠጠርና በጭቃ ሲመላለስ ኖሯል። ወጣቱ ይህን መሣሪያ ለዳገት ውድድር ሊያበቃው አስቦ ወደ ጋራዤ ባመጣው ጊዜ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጋሼ፣ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን የላይ ክዳን) በቶርኖ ይላጩልኝና እሳት ይሁንልኝ።» እኔም «መጀመሪያ የፍሪሲዮኑን ክዳን ፍታው» አልሁት፤ ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል ነው። ዛሬ የምነግራችሁ የዚያን ዕለት ክርክራችንን ነው።

አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። አሮጌ ሞተር ለውድድር ሲዘጋጅ ሥራው ከኋላ ወደ ፊት መሄድ አለበት። ኃይሉን ወደ ጎማው ከሚያደርሰው ከፍሪሲዮኑ ተጀምሮ፣ ቀጥሎ ያረጀው ሁሉ ወደ ፋብሪካው ልክ ተመልሶ፣ ጉልበት መጨመር የሚባለው ነገር የመጨረሻው ሥራ ሊሆን ይገባል። እኛ የለመድነው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሞረድ አንሥተን የጭስ መውጫውን በር እናሰፋለን፣ ቴስታታ እንላጫለን፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ቱቦ) እንቆርጣለን፣ ከዚያም ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ሲጀምር ካርቦራተሩን እንወቅሳለን።

ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ ስል በመካከላችሁ ቃሉ የጠፋበት ሰው እንደሌለ ዐውቃለሁ። ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም ጀምሮ በዚህች ከተማ ተቀምጦ በኅዳር 1934 ዓ.ም እዚሁ ጎንደር እጁን ሲሰጥ፣ ከፒያሳ ሕንፃዎች ሌላ የመካኒኩን መዝገበ ቃላትም ትቶልን ሄዷል። እኔም ዛሬ የምናገረው በዚያው በጋራዥ ቋንቋችን ነው።

አንድ ፍሪሲዮን ምን ያህል የማዞር ኃይል መሸከም እንደሚችል የሚወስኑት የሸራው (ከብረቶቹ ጋር ተደራርቦ የሚጨብጠው ቀለበት) የመያዝ ጠባይ፣ ሞላዎቹ (ስፕሪንጎቹ) የሚጫኑበት ኃይል፣ ሸራው ከመሐል እስከ ዳር ያለው አማካይ ርቀት እና እርስ በርስ የሚፋተጉት ፊቶች ብዛት ናቸው። እነዚህ አራቱ የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አይደሉም፤ ስለዚህ ከአራቱ አንዱ በ10 በመቶ ቢያድግ ጠቅላላ አቅሙ በዚያው ልክ ያድጋል፣ አንዱ በ10 በመቶ ቢጎድልም እንዲሁ ይጎድላል። በሌላ በኩል በእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮኑ የሚገኘው ከመጀመሪያው ጥርስ ቅነሳ በኋላ መሆኑን አትርሱ። ቅነሳው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው እንበል፤ ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው የሞተሩ ዘንግ) ላይ 15 ኒውተን ሜትር ሲወጣ ፍሪሲዮኑ የሚደርሰው 45 ነው። ኮሎው ላይ ሦስት የጨመረ ሰው ሳያስበው ፍሪሲዮኑ ላይ ዘጠኝ ጨምሯል ማለት ነው።

የዚህን ሞተር ፍሪሲዮን ስንከፍት ያገኘነውን ቀርባችሁ እዩት። የፍሪሲዮኑ ቤት ጣቶች ላይ፣ የሸራዎቹ ጥርሶች ለዓመታት እየመቱ የቆፈሩት ቦይ አለ፤ ጥፍራችሁን ከላይ ወደ ታች ብታስኬዱት በየሸራው ልክ ቀጭ ቀጭ እያለ ይያዛል። ነጂው ማንሻውን ሲለቅ ሸራው በዚያ ቦይ ውስጥ ስለሚቀረቀር በአንድ ጊዜ መጨበጥ አይችልም፤ ሲጨብጥም በድንገት ይዘላል። በመነሻ መስመር ላይ የፊት ጎማው የሚነሣበት ወይም ሞተሩ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቦዩ ጥልቀቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በጠፍጣፋ ሞረድ፣ ሁሉንም ጣቶች እኩል አድርጎ፣ ማለስለስ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሞረዱን አስቀምጡና ሌላ ቤት ፈልጉ፤ ብዙ የተሞረደ ጣት ሸራውን አላልቶ ያንጋጋዋል።

ቀጥሎ ብረቶቹን አንድ በአንድ በንጹሕ የመስኮት መስታወት ላይ አስተኝተን ጠርዛቸውን እንጫናለን። የሚወዛወዝ ብረት ተጣሟል፤ ውፍረቱ የታወቀ ቀጭን የልኬት ብረት በሥሩ ካስገባችሁና 0.1 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ለውድድር አይሆንም። ሰማያዊ ሆኖ የጠቆረውም መቃጠሉን እየነገራችሁ ነው። የሸራው ውፍረት የሚለካው ግን በዓይን ሳይሆን በካሊፐር ነው፤ አዲስም ቢሆን እንኳን። እኔ በአንድ ወቅት ከአንድ ሱቅ አዲስ ብዬ የገዛኋቸው አምስት ሸራዎች 3 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባቸው እያንዳንዳቸው በ0.2 ቀጥነው ነበር። ትንሽ ይመስላል፤ አምስቱ ሲደመሩ ግን አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር ነው፤ ያም ማለት ሞላዎቹ በአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ተጨምቀው ቆሙ ማለት ነው። አዲስ ፍሪሲዮን የገጠምሁለት ደንበኛ በሳምንቱ «አሮጌው ይሻለኝ ነበር» እያለ ተመለሰ፤ እውነቱንም ነበር።

አቅም የሚጨመርበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሸራ መጨመር ሲሆን፣ አምስት ሸራ ያለው ፍሪሲዮን አሥር የሚፋተጉ ፊቶች አሉትና ስድስተኛ ሸራ ሲገባ አሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ ሞላው ሳይነካ 20 በመቶ ተጨማሪ አቅም ይገኛል። ነገር ግን ቤቱ አይሰፋም፤ ቦታው የሚገኘው ብረቶቹን በማቅጠን ነው፤ ቀጭን ብረት ደግሞ ሙቀት የሚያከማችበት አካል ስለሌለው ቶሎ ይጣመማል። ሁለተኛው መንገድ ከ10 እስከ 15 በመቶ የጠነከረ ሞላ ነው። ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን በግማሽ እየያዘ ለሚነዳ ሰው እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ እጅ ቢደክምም ብረቱ ይተርፋል። በሞላው ሥር ቀለበት አስገብቶ ማጥበቅ የሚባለውን የድሃ ዘዴ አልነቅፈውም፤ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ማንሻው ሙሉ በሙሉ ሲሳብ በሞላው ጥምዝ መካከል ክፍተት መቅረቱን አረጋግጡ። ጥምዞቹ እርስ በርስ ከተነካኩ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፣ ገመዱም ይበጠሳል።

ስለ ዘይቱ አጭር ቃል። የሁለት ምት (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ በወረደ ቁጥር የሚያቀጣጥል) ሞተር የጊር ቤት ዘይት ከሚቃጠለው ዘይት የተለየ ስለሆነ ፍሪሲዮኑና ጥርሶቹ ብቻ ናቸው የሚዋኙበት። ለመኪና ሞተር ተሠርተው ነዳጅ ቆጣቢ ተብለው የሚሸጡ ዘይቶች መንሸራተትን የሚያግዙ ቅመሞች አሏቸው፤ ለመኪናው በረከት የሆነው ለእርጥብ ፍሪሲዮን መርገም ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ለሞተር ሳይክል ዘይት ጃሶ የተባለውን መለያ ያወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጣሳው ላይ ኤምኤ የሚለውን ምልክት ፈልጉ። ማንሻው ጫፍ ላይም ጥቂት ሚሊ ሜትር ልቅነት ይኑር፤ ሞተሩ ሲግል መግፊያው ዘንግ ይረዝማልና፣ በብርድ ልክ የነበረ ገመድ በሙቀት ጊዜ ፍሪሲዮኑን በትንሹ ከፍቶ ይይዘዋል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚወጣውን ዓይነት ረጅም ዳገት፣ ሰውና መኪና የሌለበት ቦታ ፈልጋችሁ፣ በአራተኛ ማርሽ ጋዙን ሙሉ ክፈቱት፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ ፍጥነቱ ባለበት ከቆመ ሥራው አላለቀም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። የዚህ ሞተር ትልቁ ሌባ የኮሎው ሁለት ፓራዮሊዮዎች (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚያግዱ ቀለበቶች) ናቸው። በሁለት ምት ሞተር የታችኛው ቤት እንደ ፓምፕ ስለሚሠራ፣ የደረቀ ፓራዮሊዮ በቮላኖው (በዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ከባድ ተሽከርካሪ ብረት) በኩል አየር ያስገባል፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ደግሞ የጊር ዘይት ያስጠጣል። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመግቢያውንና የጭስ መውጫውን በሮች በጎማ ደፍናችሁ፣ በካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ቀዳዳ በኩል ከሐኪም ቤት የተጣለ የደም ግፊት መለኪያ አገናኙ፤ በእጅ እየጨመቃችሁ መርፌውን 250 ላይ አድርሱትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ከወረደ የሳሙና አረፋ ቀቡና የሚፈላበትን ቦታ ፈልጉ። ይህን ፈተና ያላለፈ ሞተር ላይ ጂግለር (በካርቦራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ብረት) መቀየር፣ ወንፊት ውስጥ ውኃ መቅዳት ነው።

ሲሊንደሩ ካለቀ ይቦረቦራል፤ ከ66 ወደ 67 ሚሊ ሜትር ቢደርስ እንኳን ይዘቱ 176 ሲሲ ብቻ ስለሚሆን፣ ቦር ማስደረግን እንደ ጉልበት ምንጭ አትቁጠሩት። የጠፋውን ይመልሳል፣ በቃ። አዲሱ ስፋት ከፒስተኑ ጋር የሚኖረው ክፍተት በፒስተኑ ዓይነት ይወሰናል፤ የተቀጠቀጠው ፒስተን በሙቀት የበለጠ ስለሚሰፋ ከቀለጠው የበለጠ ክፍተት ይፈልጋል። ከተቦረቦረ በኋላ የየበሮቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይስላል፤ በቀጭን ሞረድና በሸካራ ወረቀት ካልደነዘዘ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) በመጀመሪያው ሰዓት ይሰበራል። በዚህ ሥራ የሚቸኩል ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ የምታድኗት ግማሽ ሰዓት አንድ ሲሊንደር ታስከፍላችኋለች።

አሁን የጎንደር ነገር መጣ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 77 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ማለት ምንም ያህል ብንጥር አንድ አምስተኛ ያህሉ ጉልበት ገና ሳንነሣ ሄዷል። ከዚህ የሚከተሉት ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የመጀመሪያው የኮምፕሬሲዮን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ልኬት ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ 150 ፒኤስአይ ያለበት ሞተር፣ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ 115 ገደማ ያሳያል። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ይህን ባለማወቄ ደህና ፋሻ አውጥቼ በሌላ ደህና ፋሻ ቀይሬ፣ መርፌው ንቅንቅ ሲል ባጣ ጊዜ ልኬቱ ተበላሽቷል ብዬ ሌላ መለኪያ ገዝቻለሁ።

ሁለተኛው ካርቦራተሩ ነው። አየሩ ሲሳሳ በዚያው ጂግለር የሚያልፈው ቤንዚን በአንጻሩ ይበዛል፤ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ላይኛው ዙር ላይ ይንተባተባል። ቁጥሩ የፍሰት መጠንን በሚያሳይ ጂግለር ከባሕር ጠለል ወደ ጎንደር ሲመጣ ከ10 እስከ 13 በመቶ መቀነስ ተገቢ ነው፤ 150 የነበረው ወደ 135 ወይም 130 ይወርዳል ማለት ነው። ለጎንደር የተስተካከለው ግን ለቆላው አይሆንም። አንድ ጊዜ ለዚህ ከተማ አሳምሬ ያስተካከልሁትን ሞተር ሳይክል ይዤ ወደ መተማ መንገድ ወረድሁ። መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱ ቢያሳሳውም እንኳን የቆላው አየር ከእኛው ከ10 በመቶ በላይ የጠነከረ ነው። ቁልቁለቱን ስወርድ ሞተሩ እየጠራ፣ እየቀለለ፣ ከመቼውም ይልቅ የሚያምር ድምፅ እያወጣ ሄደ፤ እኔም ተደሰትሁ። ያ ድምፅ ድብልቁ የመቅጠኑ ድምፅ ነበር። በሜዳው ላይ ጋዙን ሙሉ ከፍቼ ስሄድ የኋላው ጎማ በድንገት ታሰረ፤ ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ይዤ ባልነዳ ኖሮ ከእናንተ ጋር ዛሬ አልነጋገርም ነበር። ሲሊንደሩ ሲወጣ ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል አራት ጣት የቧጨረው ይመስል ነበር። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር በተቀላቀለ ጊዜ፣ ቤንዚን ያጠረበት ሞተር ዘይትም እንዳጠረበት አስቡ። ከዚያ ወዲህ ወደ ቆላ የሚወርድ ደንበኛዬ ኪሱ ውስጥ ሁለት ከፍ ያሉ ጂግለሮች ሳይዝ አላሰናብተውም።

የካንዴላም ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ በኤንጂኬ ካንዴላ ቁጥሩ ሲያድግ የበለጠ ቀዝቃዛ ነው፣ በቦሽ ግን ተቃራኒው ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ፒስተኑን ይበሳል።

ወጣቱ ወደ ጠየቀኝ ወደ ቴስታታው ደረስን። መላጨት ስሕተት ነው አልልም፤ ሳይለኩ መላጨት ነው ስሕተቱ። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የስታኞ (ለብየዳ የሚቀልጥ ለስላሳ ብረት) ሽቦ በስፒኖቶው (በፒስተኑ ፒን) አቅጣጫ እስከ ሲሊንደሩ ግድግዳ አስገብታችሁ ሞተሩን በእጅ አንድ ዙር አዙሩት፤ የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር ለኩ። በዚህ መጠን ላሉ ሞተሮች 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። 1.8 ካገኛችሁ የምትላጩት 0.8 ነው፤ 1.0 ካገኛችሁ ግን ጓደኛችሁ የፈለገውን ይበል፣ ቴስታታውን አትንኩ። የሳሳው አየራችን ከባሕር ዳርቻ ትንሽ ከፍ ያለ ኮምፕሬሲዮን እንድንጠቀም ይፈቅድልናል፤ ይኸው ሞተር ቆላ ሲወርድ ማንኳኳት ይጀምራል።

የበሮቹ ጉዳይ ሞረድ የሚያሳክካችሁ ቦታ ነው። የገጠር ሞተር የጭስ መውጫ በር በአንድ ዙር ውስጥ ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ገደማ ተከፍቶ ይቆያል፤ የሞቶክሮስ ሞተር ግን 190 ገደማ ይደርሳል። ምልልሱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) 100 ነው ብለን ብናሰላ፣ በሩ በአንድ ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ቆይታው በ4 ዲግሪ ተኩል ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ሁለት ሚሊ ሜትር የሞረደ ሰው ከዚህ የተረጋጋ ሞተር ወደ ሌላ ፍጡር ተሻግሯል፤ ታች ያለውን ጉልበት ሸጦ ላይ ያለውን ገዝቷል፣ የተሞረደው ብረትም አይመለስም። ጀማሪ ለሆናችሁ የምመክረው ሲሊንደሩን ከሥሩ በወፈረ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ከፍ ማድረግና የላዩን ክፍተት ቴስታታውን በመላጨት መመለስ ነው፤ ካልተስማማችሁ ቀጭኑን ጓርኒሲዮን መልሳችሁ፣ ክፍተቱን ዳግመኛ ለክታችሁ፣ ሲሊንደሩን እንደነበረ ታስቀምጡታላችሁ።

ማርሚታው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የድምፅ ነገር አድርጎታል። ሞተሩ በደቂቃ 8,500 ዙር ሲዞር አንዱ ዙር የሚፈጀው 7 ሺኛ ሰከንድ ነው፤ በሩ 190 ዲግሪ ከተከፈተ ክፍት የሚሆነው 3.7 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በጋለው ጭስ ውስጥ ግፊቱ በሰከንድ 500 ሜትር ያህል ይጓዛል ብንል፣ በዚያች ቅጽበት 1.86 ሜትር ይሄዳል፤ ደርሶ መልስ ስለሆነ ግማሹ፣ ማለትም 93 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከፒስተኑ ፊት እስከ ኋለኛው ጠባብ ሾጣጣ ድረስ ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። የሚመለሰው ግፊት ሊያመልጥ የነበረውን ትኩስ ድብልቅ በሩ ሳይዘጋ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ይህን ጥበብ ለውድድር ያበቃው የምሥራቅ ጀርመኑ የኤምዜድ ሞተር ሳይክል ፋብሪካ መሐንዲስ ዋልተር ካደን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከ125 ሲሲ 25 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም በሊትር 200፣ አውጥቷል። በዚያው ዓመት ነጂው ኤርነስት ዴግነር ወደ ምዕራብ ኮብልሎ ሱዙኪ ሲገባ ዕውቀቱም ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ እኛ ጋር የደረሱት ጃፓን ሠራሽ የሁለት ምት ሞተሮች ከዚያ ዕውቀት ተቋድሰዋል። እዚህ ከተማ ከላሜራ ይህን ቆርጦ የሚበይድ ጎበዝ በያጅ አይጠፋም፤ ልኬቱን ግን ከእናንተ ይጠብቃል፣ እናንተ ደግሞ በሩን ለክታችሁ መሄድ አለባችሁ።

በር፣ ማርሚታ፣ ካርቦራተርና ቴስታታ ተነጣጥለው አይሠሩም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ-1 የተባለውን 250 ሲሲ ሲያወጣ፣ ለውድድር ለሚፈልጉ ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ቴስታታ፣ ካርቦራተርና ማርሚታ በአንድ ጥቅል አድርጎ የሸጠው ለዚህ ነው። ከጥቅሉ አንዱን ብቻ የገጠመ ሰው ብዙ ጊዜ ከነበረበት ይወርዳል።

ቮላኖ ማቅለል በሜዳ ውድድር ይጠቅማል፤ በእኛ ድንጋያማ ዳገት ግን ሞተሩን ቶሎ ያጠፋዋል፣ እኔ አልነካውም። ከዚያ ይልቅ የፊት ፒኞኑን (ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርሳም ክብ) በአንድ ጥርስ ማሳነስ ርካሽና የተረጋገጠ ለውጥ ነው። የኮንታክት ፕላቲና (የብልጭታውን ኤሌክትሪክ የሚቆራርጥ) ያለው ሞተር ክፍተቱና የብልጭታው ሰዓት በትክክል ከተስተካከለ ይበቃዋል።

የዚህ ሞተር ሲሊንደር እስካሁን አልተነካም፤ ፓራዮሊዮዎቹ ግን ተቀይረው ፈተናውን አልፈዋል፣ የፍሪሲዮኑም ቤት ተለስልሷል። ባለቤቱ እዚህ ፊታችሁ ተቀምጧል። አዲሶቹ ሸራዎች ደርቀው ከተገጠሙ በመጀመሪያው መነሻ ስለሚቃጠሉ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ በዚያ ሳሕን ውስጥ ዘይት ውስጥ ተነክረዋል። አሁን እጃችሁን በጨርቅ ጠርጋችሁ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ፤ አንድ ሸራ፣ አንድ ብረት እያልን አብረን እንገጥመዋለን።